ጠርዝ የማይቆርጥ ሌንስ

መካኒሳ አቦ አካባቢ ቸኮልን የሚያውቀው ሁሉ «ክንዱ» እያለ ነው የሚጠራው። አዲስ የገባ ተከራይ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ይመስለውና «ጋሽ ክንዱ፣ እንደምን አደሩ» ይለዋል በአክብሮት። ቸኮል አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ስሙን ግን አንድ ቀን ወዶት አያውቅም።

ስሙ የወጣለት በታላቅ ወንድሙ በአስረስ ሠርግ ነው። ያን ጊዜ ቸኮል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። አስረስ «አስተምረዋለሁ» ብሎ ከአገር ቤት ካመጣው በኋላ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ «ታዲያ ሱቁን ማን ይጠብቅ?» ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀርቶታል። ለሠርጉ ድንኳን ተክሏል፣ እንጨት ፈልጧል፣ ወንበር ከጎረቤት ሲያመላልስ ትከሻው ተልጧል። ፎቶ ሊነሡ ሲሰለፉ አዲስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከሰልፉ ዳር ቆመ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አጎቶቹ አሉ፣ ሚዜዎቹ አሉ፣ የሙሽሪት አክስት ያዘለችው ሕፃን እንኳ አለ። ከቸኮል ያለው ክንዱ ብቻ ነው። ነጭ እጅጌና ጣቶች። ሌላው አካሉ ከወረቀቱ ውጪ ቀርቷል።

አስረስ ፎቶውን በትልቅ ፍሬም አሠርቶ ብስራተ ገብርኤል ያለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጨዋታው እሱ ሆነ።

«እስቲ ይቺ ክንድ የማን ናት?» ይላል አስረስ።

እንግዳው ይቸገራል።

«የቸኮል ናት። የቀረው አካሉ ሱቅ እየጠበቀ ነበር» ይልና ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንግዳውም ይስቃል። ቸኮል ትሪ ይዞ እየቆመ፣ ብርጭቆ እየቀዳ፣ ይህችን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማት ፈጣሪ ይወቀው።

ፎቶ አንሺ የሆነው በዚህች ክንድ የተነሣ ነው። ሱቁን ትቶ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ውሃ እየቀዳ፣ ወለል እየጠረገ ሙያውን ለመደ። ሽማግሌው ሲሞት ትልቁ የእንጨት ካሜራ ለእሱ ቀረ። በሣጥኑ ፊት ሌንስ፣ በመሀል እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቆዳ፣ በኋላው ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ደብዛዛ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፤ ያለ ፊልም፣ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ የሚያነሣው የመዝገብ ገጽ በምታህል አንዲት የፎቶ ወረቀት ላይ ነው። ቸኮል መካኒሳ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ስንት ዘመን ሠራ። የዕድር ሰው ቢሆን፣ የተማሪ ምርቃት ቢሆን፣ የመጨረሻው ሰው እስከ ጆሮው ጫፍ ካልገባ አያነሣም። «ከእኔ እጅ የተቆረጠ ሰው አይወጣም» ይላል። ደንበኛ «ኧረ ጸሐይ አቃጠለን» ብሎ ሲያጉረመርም እንኳ ግድ አልነበረውም። ኋላ ስልክ መጣና ሰው ሁሉ ራሱን በራሱ ማንሣት ጀመረ። ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ካሜራው በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ገባ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ልጁ ውዳሴ ልታገባ ሆነ። ለሠርጉ የቪዲዮ ሰዎች ተቀጥረዋል፤ በሰማይ የሚበርም ካሜራ አላቸው። አንድ ቀን ውዳሴ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ቸኮል አጠገቧ ተቀመጠ።

«በመልሱ ቀን አንዲት ፎቶ እኔ ላንሣ» አላት።

«በዚያ በሣጥኑ?»

«በሣጥኑ። የሁለታችሁም ዘመድ በሙሉ። ማንም ሳይቆረጥ።»

ውዳሴ የአባቷን ፊት አየች። የዚያችን ክንድ ታሪክ ጡት እየጠባች ነው የሰማችው። «እሺ አባዬ። ግን አንተም አለህበት። እናቴ አጠገብ ትቀመጣለህ። የሌንሱን ክዳን ሌላ ሰው ይክፈተው። አለዚያ እኔም አልነሣም።»

ቸኮል «እሺ» አለ። ያን ዕለት ከዘመናት በኋላ እያፏጨ ነው ካሜራውን ከአልጋ ሥር የጎተተው። ማዳበሪያውን ፈቶ ሌንሱን ወደ መስኮት ብርሃን ቢያዞረው ፉጨቱ ቀጥ አለ። እርጥበት ገብቶ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ውስጡን በልቶታል። በጨርቅ ቢያሸው፣ በአልኮል ቢሞክረው አልለቅም አለ። ከድሮ ወረቀቶቹ ደግሞ ሳይበላሽ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። አንዲት ወረቀት። ሌንስ የለም። መልሱ ደግሞ ደርሷል።

እንደ ዱሮው ዕቃ የሚያስመጣለት ሰው የለም። አዲስ ሌንስ ደግሞ ለሱ ዓይነት ካሜራ ቢገኝ እንኳ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኑረዲን ሄደ። ኑረዲን ጀሞ መንገድ ዳር ቆራሌዎች የሰበሰቡትን ብረታ ብረት የሚረከብ፣ የድሮ ጎረቤቱ ነው። የሁሉንም ልጆቹን የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ያነሣው ቸኮል ነው።

ካሜራውን በጋሪ አስጭኖ ሲደርስ ከመንገዱ ማዶ ያሉት የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ከሩቅ አዩት።

«ክንዱ ሬሳ ሣጥን ይዞ መጣ» አለ አንደኛው።

«የራሱን ነው ወይስ የክንዱን?» አለ ሌላው። ሳቁ መንገዱን አቋርጦ ጆሮው ውስጥ ገባ። ቸኮል ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ጋሪውን ወደ መጋዘኑ አስገባና የቆርቆሮውን በር ራሱ ዘጋው።

«ምነው፣ የሚያሳድድህ አለ?» አለ ኑረዲን።

«ሌንስ እፈልጋለሁ። ርካሽ፣ አሮጌ፣ ግን ለዚህ ለካሜራዬ የሚሆን።»

«አሮጌና ርካሽ ከሆነ ያለነው እኛ ነን።» ኑረዲን ወደ ጓዳ ገብቶ በጆንያ ያዘለውን ሚዛኑ አጠገብ ዘረገፈው። አብዛኛው የማይረባ ነው፤ የተሰበረ መነጽር፣ የሲኒማ ማሽን ቁራጭ፣ የፎቶኮፒ ማሽን መስታወት። ሁለቱ ግን ቸኮልን ቁጭ ብድግ አደረጉት።

አንደኛው ከተዘጋ ማተሚያ ቤት የመጣ ነው። ገጽ ፎቶ አንሥተው ለማተሚያ የሚያዘጋጁበት የነበረ፣ ሙቀጫ የሚያህል ነሐስ። ፊቱ ተጭሯል፣ ጠርዙ ተጋጭቷል፣ የሆነ ሰው በሚስማር ስሙን ጽፎበታል። ሁለተኛው ከአንድ ተጣጣፊ የጀርመን ካሜራ የተፈታ፣ ትንሽ፣ መስታወቱ እንደ ሕፃን ዓይን የጠራ። አንድም ጭረት የለበትም። ኑረዲን የሚሸጠው በኪሎ ነውና ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ግንባሩ የተጫጫረው አሮጌ ነሐስ ስለከበደ ተወደደ፤ የጠራው ስለቀለለ ረከሰ።

«ሙቀጫውን ካልወሰድከው ሰኞ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል» አለ ኑረዲን። «የቧንቧ ራስ ነው የሚሆነው።»

ቸኮል ተቀመጠ። ሽማግሌው ጌታው ያስተማረውን ያውቃል። ሌንስ ብርሃን የሚያፈሰው በክብ ነው። ክቡ ወረቀቷን ሞልቶ ካልፈሰሰ መሀሉ ይበራና ዳርና ዳሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ትልቅ ግድግዳ ላይ በትንሽ ባትሪ እንደማብራት። ለትንሽ ካሜራ የተሠራ ሌንስ ትልቅ ወረቀት ላይ ሲያበራ ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚደርሰው። የማተሚያ ቤቱ ግን ለትልቅ ገጽ የተሠራ ስለሆነ ክቡ ሰፊ ነው። ይህን ሁሉ ያውቃል።

መጀመሪያ ነሐሱን ገጠመው። ሚዛኑን ሊያይ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገባ። ብርሃኑ መስታወቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው። ግን ሌንሱ ረጅም ዓይን ነው፤ ሩቁን ያቀርባል። ከሚዛኑ የታየው ቁጥሩ ብቻ፣ ከኑረዲን የታየው አገጩ ብቻ ነበር። ቸኮል ግቢውን አሰበ። አንድ ድንኳን ተተክሎ ሰው ተቀምጦበት፣ ካሜራው እስከ ውጭ በር ቢያፈገፍግ እንኳ በዚህ ሌንስ የሚገባው ሙሽሮቹና ሚዜዎቻቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ይቆረጣል። አጎት ይቆረጣል፣ አክስት ይቆረጣል።

ቀጥሎ ትንሹን ገጠመ። ይሄኛው ሁሉንም አየ። ሚዛኑን፣ ኑረዲንን፣ የጆንያውን ክምር፣ የቆርቆሮውን በር። ቸኮል ትንፋሹን ውጦ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ መረመረ። ብርሃን ነው። አራቱም ጋ ብርሃን ነው። «ሞላ» አለ ከጨርቁ ሥር። «ኑሬ፣ ሞላ እኮ።»

«ከዚህ እዚያ ድረስ ነው ያየኸው» አለ ኑረዲን። «ደጅ አውጣውና የፉሪን ተራራ አሳየው። ተራራውን እስከ ዳር ያሳየ ሌንስ ሰው አይቆርጥም።»

ትክክል ነበር። ሌንስ ቅርብ ሲያይ ወደ ፊት ይሳባል፤ ሲሳብ ክቡ ይሰፋል። ሩቅ ሲያይ ወደ ወረቀቱ ይጠጋል፤ ክቡም ይጠባል። ሽማግሌው ይህንንም ነግሮት ነበር፤ ዝናብ ይዘንብ በነበረ አንድ ከሰዓት፣ ቸኮል ፎጣ እየጨመቀ ሳለ። ጆሮው ሰምቷታል፤ አሁን ግን በሩን ሲያስብ ከማዶ ያለው ሳቅ ነው የመጣለት። ካሜራውን አውጥቶ መንገድ ዳር ተደፍቶ፣ ጨርቅ ተከናንቦ፣ ወደ ተራራ ሲያይ። «ክንዱ ፉሪን ሊያገባት ነው» ሊሉ ነው።

«ዓይኔን ልጠራጠር?» አለ ቁጣ ቁጣ እያለው። «ሞላ አልኩህ።»

«እኔማ ኪሎ ነው የማውቀው» አለ ኑረዲን፤ ትንሹን ሌንስ በጋዜጣ ጠቀለለለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቸኮል እንቅልፍ አልነበረውም። ሌንሱን በኮቱ ኪስ ይዞት ይዞራል፤ አቦ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲያስቀድስ እንኳ በጣቱ ይዳብሰዋል። መስታወቱ በደረቱ ሙቀት ላብ አወጣ። «ባወጣውስ? ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ብሞክረውስ?» ይላል። ግን ግቢው ከዚያ በኋላ የእሱ አልነበረም። ድስት ገባ፣ ጉልቻ ገባ፣ ድንኳን ተካዮች ገቡ። ካሜራውን ሊያወጣ በር ላይ ሲደርስ ሚስቱ ሸዋረገድ ማማሰያ እንደያዘች ቆመችበት።

«አንተ ሰው፣ ሠራተኛው መቆሚያ አጥቶ አንተ ሣጥን ልትዘረጋ ነው?»

«ትንሽ ደቂቃ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ ከኪስህ እያወጣህ የምትስመው ምንድን ነው? ጽላት ነው?»

መልሶ አስገባው። ሰማዩን አየ፤ የግንቦት ደመና ከፉሪ ጀርባ ተቆልሏል። ከዘነበስ? ወረቀቷ እርጅና ነክቷት ከሆነስ? አስረስ ምን ይላል? አስረስ የሚለውን ቃል በቃል ያውቀዋል።

ሠርጉ አለፈ። በማግሥቱ መልሱ ሆነ። የሙሽራው የሚሳኤል ዘመዶች በመኪና ተጭነው መጡ። ሁለቱ ወገን አልተቀላቀሉም፤ እንደ ወጉ የእነሱ በአንድ በኩል፣ የሙሽሪት ወገን በሌላ በኩል፣ መሀል ለመሀል ሙሽሮቹ። ደመናው ተገልጦ ብርሃኑ ደግ ሆነ። ኑረዲን ለእሱና ለሌሎቹ ሙስሊም እንግዶች ለብቻ የታረደውን ቀማምሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የሌንሱን ክዳን ይዞ ካሜራው አጠገብ ቆመ።

ቸኮል ካሜራውን እስከ ውጭው በር ወሰደው። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም፤ ለፍሳሽ ቱቦ የተቆፈረው ጉድጓድ ደጃፉ ድረስ ገብቷል። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነበ። መስታወቱ ላይ ሰዉ ሁሉ ተገልብጦ በአናቱ ቆመ። ሙሽሪት ጠርታ ታየች። የጥበቧ ጥለት እንኳ ይታያል። ቸኮል ዓይኑን ወደ ዳር ወሰደ።

ዳር የለም።

ምስሉ መሀል ላይ እንደ ትሪ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ጨለማ። በግራ በኩል የእሱ ወገን ጨለማ ውስጥ ገብቷል፤ በቀኝ የሙሽራው አክስቶች ግማሽ ፊት ግማሽ ጥላ ናቸው። የሽማግሌው ቃል፣ ፎጣው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለው። ፉሪ። ኑረዲን «ፉሪን አሳየው» ብሎት ነበር።

የሌንሱን ቀዳዳ እስከመጨረሻው አጠበበው። ጨለማው ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ አልለቀቀም። አሁን ደግሞ ብርሃን የሚገባው በጭላንጭል ስለሆነ ሰው ሳይነቃነቅ ብዙ መቆየት አለበት። ከጨርቁ ሥር ወጣ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ከሁለት መቶ ዓይን በላይ ያየዋል፤ የቪዲዮ ሰዎቹ ጭምር።

«ተጠጉ» አለ። «ወደ መሀል ተጠጉ፤ ሁላችሁም።»

ማንም አልተነቃነቀም። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች የተሰጣቸውን ወንበር መልቀቅ እንደ ውርደት አዩት። ያን ጊዜ ውዳሴ ከነጥበቧ ተነሣች። «ተጠጉ እንጂ፣ ከዛሬ ወዲያ ዘመድ ናችሁ እኮ» እያለች የአንዱን ወንበር ወደሌላው ገፋች። ሚሳኤልም ረዳት። ሳቅ ሆነ። በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው መተላለፊያ ተዘጋ፤ የኋለኞቹ ወንበር ላይ ቆሙ፤ ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቸኮል ተመልሶ ገባ። ክቡ ሞላ። የቀኙ ዳር ዳነ። ሁሉም አለ፤ አንድ ሰው ሲቀር።

አስረስ ዘግይቶ ነው የመጣው። በከዘራው እያዘገመ ገብቶ፣ ማንም መሀል ስላልጠራው ቅር ብሎት፣ ከሰልፉ ግራ ዳር አንዲት የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ አስረስን ጨለማ በልቶታል። ብርሃን ውስጥ ያለው ከዘራውን የያዘበት ክንዱ ብቻ ነው።

ቸኮል ከጨርቁ ሥር መውጣት አቃተው። በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ንጹሕ፣ የሚያቅበጠብጥ ደስታ። ማንም አያውቅበትም። «ሌንሱ አሮጌ ነው፤ ምን ላድርግ» ይላል፤ ያልቃል። ቸኮልም በተራው በራሱ ሳሎን ይሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ይቺ ክንድ የማን ናት?» ይላል። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

ኑረዲን የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረገ። «ምን ሆንክ? ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

«ና እየው።»

ኑረዲን ጎንበስ ብሎ አየ። «ወንድምህ ተቆርጧል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«እኔ የያዝኩት ክዳን ነው» አለ ኑረዲን ቀና ብሎ። «ሌላው ያንተ ነው።»

አስረስ ከተቀመጠበት ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምንድን ነው ሹክሹክታው? ክንዱ፣ እኔም ዛሬ ክንድ ብቻ ሆኜ ልቀር ነው እንዴ?» አለ። እንግዳው ሳቀ። አስረስም እንደ ድሮው ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያቺ ሳሎን እንግዳ የላትም። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ አልተለበሰም።

ቸኮል ያዘነለት አይመስለውም። ቢጠየቅ «ለምን አዝንለታለሁ?» ይላል። ያነደደው ሌላ ነገር ነው። ስንት ዘመን በጸሐይ፣ በአቧራ፣ ደንበኛ እየተቆጣው፣ ከእጁ የተቆረጠ ሰው አልወጣም። ያችን አንዲት ነገር፣ የራሱ የሆነችውን አንዲት ነገር፣ አሁን ለአስረስ ብሎ ሊያጣት ነው?

ወደ ሰልፉ ሄደ። ከሸዋረገድ አጠገብ ባዶ ወንበር አለ፤ የሙሽሪት አባት ወንበር። አነሣው።

«ምን ታደርጋለህ? ያንተ እኮ ናት» አለች ሸዋረገድ።

«አውቃለሁ። ሁላችሁም አንድ አንድ ወንበር ወደዚህ ጠጋ በሉ።»

«አባዬ፣ ቃል ገብተህልኛል» አለች ውዳሴ።

«አለሁበት። የትም አልሄድም።»

ሰልፉ ተጠጋጋ። ቸኮል ወንድሙ ጋ ደርሶ ብብቱን ያዘው። «ጋሼ፣ እስቲ ብድግ ይበሉ። ወደዚህ።»

«እዚሁ ይበቃኛል። ለእኔ መሀል ምን ያደርግልኛል?»

«ብድግ ይበሉ አልኩ።»

አስረስ ተነሣ። አጥንቱ ቀሎታል። ሌሎቹ ተጠጋግተው በለቀቁለት ቦታ፣ ብርሃኑ በሚያልቅበት ጫፍ ተቀመጠ። የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ከአስረስ ወዲያ፣ ከክቡ ውጪ። ቸኮል እዚያ ቆመ። የት እንደቆመ ከዚያ ግቢ ሁሉ የሚያውቀው እሱና ኑረዲን ብቻ ናቸው።

«እንዳትነቃነቁ» አለ ጮክ ብሎ። «ኑረዲን ቆጥሮ እስኪጨርስ ዓይናችሁን እንኳ። ጋሼ፣ እርስዎም፤ በተለይ እርስዎ።» ከዚያም ክንዱን ዘረጋና የወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈው።

ኑረዲን ወረቀቷን ገልጦ ክዳኑን አነሣ። መቁጠር ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ እንደ ሚዛን ቁጥር። ግቢው ጸጥ አለ። ቸኮል ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ እያየ፣ የወንድሙ የትከሻ አጥንት ከመዳፉ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማው። አትነቃነቅ፣ አትነቃነቅ አለው በልቡ። ኑረዲን ክዳኑን መለሰ።

ወረቀቷን ኩሽናው ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኖ አጠባት። የማጠቢያውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ደፋው። እርጅና አልነካትም። በሳምንቱ ውዳሴና ሚሳኤል ሊጠይቁ ሲመጡ ፎቶው ደርቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ውዳሴ ብዙ አየችው። ሁሉም አለ። የአክስቶቹ ነጠላ ጥለት ይቆጠራል፤ የሕፃናቱ ጫማ ክር ይታያል። ሌንሱ የሚያየውን ሲያይ መቼም ጥሩ አድርጎ ነው የሚያየው። ዙሪያውን ግን ጥቁር ነው፤ ፎቶው በጉድጓድ አፍ የታየ ይመስላል።

«አባዬ፣ አንተ የታለህ?»

ቸኮል ጣቱን አስረስ ትከሻ ላይ አደረገ። ከጥቁሩ ውስጥ አንድ እጅጌ ወጥቷል፤ የእጅጌው ቁልፍ፣ የሰዓቱ ማሰሪያ፣ ጣቶች። ሌላ የለም።

ሸዋረገድ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «አሁንስ እዚያ ዳር ማን አቆመህ?» አለች ቀስ ብላ።

እሱ የሚያየው ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያልጠራ ፊት አንድ ብቻ ነው። አስረስ አልተቆረጠም፤ ከከዘራው እስከ ጫማው አለ፤ ፊቱ ግን ተደፍርሷል። ኑረዲን ሲቆጥር አንገቱን ቀስ ብሎ አዙሯል፤ ወደ ትከሻው፤ ወደ ክንዱ። ዓይኑ የት እንዳለ አይለይም፤ ወዴት እንዳየ ግን ይለያል።

ቸኮል ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ አጠጋው፤ አራቀው።

«እንዳይነቃነቅ ነግሬው ነበር» አለ። ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም።